ሁለቴ በጥፍር

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ይህ መዝገብ የተሰረቀ ነው። ጡረታ የወጣሁ ዕለት ከሆስፒታሉ የኦክስጅን መጋዘን ከሻይ ብርጭቆዬ ጋር በካፖርቴ ሸሽጌ ያወጣሁት ነው። የፊተኞቹ ገጾች በሲሊንደር ቁጥር ተሞልተዋል፤ የኋለኞቹ ባዶ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "ቁጥር፣ የገባበት ቀን፣ የሄደበት ክፍል፣ አስተያየት" የሚሉትን ዓምዶች ስሞላ ኖሬ፣ አስተያየት የሚለው ላይ አንድ ቀን እንኳ የልቤን ጽፌ አላውቅም። "ደህና ነው" ብቻ ነበር የምጽፈው። እስቲ ዛሬ ልሞክረው።

የልጅ ልጄ ነርስ ናት፤ እዚያው እኔ የሠራሁበት ሆስፒታል። እናቷ ካለፈች ወዲህ እዚህ ቤት ያለነው እኔና እሷ ነን። ልጅ ሆና አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትችል ቁንጫ ብዬ ስም አወጣሁላት፣ ጸንቶ ቀረ። ዛሬ ቁንጫ ከሥራ ገባችና እንደ እርጥብ ልብስ ወንበሩ ላይ ተጣለች።

"አባባ፣ መተንፈስ ሊያስተምሩን ነው።"

"እስከ ዛሬ በምንሽ ነበር የምትተነፍሺው?"

"በስሕተት ነበር አሉን።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠራተኛው ጭንቀት በዝቷል ተብሎ "አእምሮንና አካልን ማስታረቅ" የሚባል ሥልጠና መጥቷል። ለዚህም ተረኞች ጎናቸውን የሚያሳርፉባት ክፍል ተወስዳለች። ሁለቱን አልጋዎች አውጥተው ምንጣፍ አነጠፉ፣ ግድግዳው ላይ የፏፏቴ ሥዕል ሰቀሉ፣ በድምፅ ማጉያ የወራጅ ውሃ ድምፅ ይለቁበታል። ቧንቧው በሳምንት ሦስት ቀን በሚደርቅበት ሆስፒታል! በሩ ላይ "የእርጋታ ክፍል" የሚል ለጥፈዋል። ማክሰኞና አርብ፣ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት፣ አርባ ደቂቃ። ከየክፍሉ አንድ ነርስ የግድ ትሄዳለች፤ ትፈርማለች።

ትምህርቱን አሳየችኝ። አራት እስኪቆጠር አየር መሳብ፣ አራት መያዝ፣ በስድስት መልቀቅ። ፊት ለፊት ተቀምጠን አብረን ሠራን። እሷ ዐይኗን ጨፍና ነበር።

"ስንት ደረስክ?"

"አራት" አልኳት።

አልተነፈስኩም፤ በአፌ ነው የቆጠርኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ማጭበርበር ደስ ይለኛል።

ሰኔ 7፣ አርብ

ዛሬ ተተኪዬ መጣ። በኔ ቦታ መጋዘኑን የያዘው ሰውዬ ነው፤ ጎልማሳ፣ ትሑት፣ ላብ የማያጣው ግንባር ያለው። ሻይ አቀረብኩለት።

"አባባ፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ" አለ። "መለኪያው ግማሽ የሚል ሲሊንደር ድንገት ባዶ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ወር ብቻ ሁለቴ። እግዜር ይመስገንና መጋዘን ውስጥ ሆኖ ነው የደረሰብኝ። እርስዎን ገጥሞዎት ያውቃል?"

"ክረምት ሲገባ ሲሊንደሩም ይጨንቀዋል" አልኩት። "የእርጋታ ክፍል ውሰደውና አራት ያስቆጥሩት።"

ሳቀ። እያላበው ሄደ።

እኔ ግን አውቃለሁ። አሮጌዎቹ መለኪያዎች እርጥበት ሲነካቸው ጠቋሚው ይጣበቃል፤ አየሩ እየወረደ እሱ ግማሽ ላይ ተኮፍሶ ይቀራል። መስታወቱን በጥፍር ሁለቴ ቆርቆር ስታደርገው እንደተያዘ ሌባ ደንግጦ እውነተኛ ቦታው ላይ ይወርዳል። ለኔ ማንም አልነገረኝም፤ ሦስት ክረምት ነው የፈጀብኝ። የተሰናበትኩ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ግማሽ ሰዓት ሰጡኝ፣ የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ፣ "የቁልፉ ሰውዬ" እያሉ ንግግር አደረጉ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ስሜን አያውቁትም ነበር። ቁልፉን አስረክብ አሉኝ፣ አስረከብኩ። ጥፍርህን አስረክብ ያለኝ ሰው የለም።

ይላበው እንጂ። እኔም አልቦኛል።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ቁንጫ ሾርባዋን ሳትቀምስ ወጣች። ኪሷ የተተረተረ የደንብ ልብስ ለብሳ። ልስፋልሽ ብላት "ሰፊ አግኝቻለሁ" አለችኝ። አስራ አንድ ቁጥር አልጋ ላይ የተኙ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሳንባቸው ነው የታመመው። "እኔ በሕይወት እያለሁ ነርሴ በተቀደደ ኪስ አትሄድም፤ ሲሻለኝ እጠግንልሻለሁ" ብለዋታል።

ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ደረጃችን ላይ ሁለቴ ቆምኩ። መንገዱን ለማየት ነው።

ሰኔ 14፣ አርብ

የሥራ ጓደኛዋ አብራት መጣች። ረጅም ናት፤ በሩን ስትገባ ጎንበስ ስለምትል ረጅሟ እላታለሁ። ወጥ ቤት ቆመው ሲያወሩ እኔ ጋዜጣ ገልጬ ጆሮዬን ጣል አደረግኩ።

"ሠላሳ ስምንት በሽተኛ ለሁለት። አንቺ ሥልጠና ስትሄጂ ሠላሳ ስምንቱም የኔ። ዛሬ አንዷ ደም ስታስመልስ ሌላው ከአልጋ ወደቀ። አንቺ ያኔ ምን እያደረግሽ ነበር?"

"ስለ እግር ጣቴ እያሰብኩ።"

"እውነት?"

"ከእግር ጣት ተነስተሽ እስከ ራስሽ በሐሳብ ትዞሪያለሽ። ጉልበቴ ጋ ስደርስ የሃያ ሁለት ቁጥርን መድኃኒት እንዳልሰጠሁ ትዝ አለኝ።"

"ቅሪ አትይም?"

"ፊርማ ከጎደለ ዋና ነርሷ ትጠየቃለች። እሷ ስትጠየቅ ደግሞ…"

ከዚያ ቁንጫ ስለ አስተማሪዋ ተናገረች። እኔ ሴትዮዋን ሳላያት ወይዘሮ እፎይ ብያታለሁ። ክፉ ሰው አይደለችም አለች። የነርሶቹን ነገር ስትሰማ ዐይኗ እንባ ሞላ። ትምህርቱም ቢሆን ይረዳል፤ ቁንጫ ደም ሥር አልገኝ ብሏት እጇ ሲንቀጠቀጥ አራት ትቆጥራለች፣ እጇ ይረጋል። "ምንጣፉ ላይ እንቅልፍ የወሰደው ሰው አይቀሰቀስም" የሚል ሕግም አላት ሴትዮዋ። እንቅልፍ የሰውነት ጥያቄ ነው፣ ይመለስለት ትላለች።

ይሄኔ አላስቻለኝም፤ ጋዜጣውን አጠፍኩት።

"እንግዲያውስ ተኙባቸዋ! አልጋችሁን ወስደው ምንጣፍ ካነጠፉ፣ ምንጣፉ ላይ ተኝታችሁ ቁርሳችሁን እዚያው አስመጡ። ቁንጫዬ፣ በኔ ይሁንብሽ፣ አንድ ቀን ድብን አድርገሽ ተኝተሽ አሳያቸው!"

ሳቁ። ቁንጫ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ከርሜያለሁ። አርጅቼም ለካ እሠራለሁ።

ሰኔ 18፣ ማክሰኞ

ዝናብ።

ሳል። ትራሱን አፌ ላይ አደርገዋለሁ፣ ድምፁ አይወጣም። እሷ የደከመች ናት፤ መተኛት አለባት። አሁን በሦስት ትራስ ነው የምተኛው፤ ከፍ ሲባል ሕልም ያምራል። ጫማዬም ጠቦኛል፤ ክረምት ጫማ ያኮማትራል። ነጠላ ጫማ ማድረግ ጀመርኩ። "ምነው አባባ፣ ክረምት ለክረምት?" አለችኝ። "ወጣትነት ተሰማኝ" አልኳት። እግሬን አየችው።

ዐይኗ ሥር ጠቁሯል። "ሌሊት አልተኛሽም እንዴ?" ብላት "ዝናቡ" አለችኝ። አልጋዋንም ከመስኮቱ አንስታ በኔ በኩል ካለው ግድግዳ አስጠግታዋለች። ብርድ ሸሽታ ይሆናል።

ዛሬም አብረን ተነፈስን።

"ስንት?"

"አራት። ሲያስፈልግ አምስትም አለኝ።"

ሰኔ 21፣ አርብ

አስራ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ አልመጣችም። ስልኳ ዝግ ነው።

አንድ ሰዓት። ረጅሟ ደግፋ አመጣቻት። ሁለቱም በዝናብ ርሰዋል። ቁንጫ እኔን ሳታይ ወደ ክፍሏ ገባች። ረጅሟ በሩ ላይ ቆማ "አስራ አንድ ቁጥር" ብቻ አለችኝና ማልቀስ ጀመረች።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ከረጅሟ እንደ ሰማሁት ነው የምጽፈው።

ትናንት ቀትር ላይ ልብስ ሰፊው ኦክስጅን ላይ ነበሩ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ዋና ነርሷ "ፊርማ! ፊርማ!" እያለች ኮሪደሩን ዞረች። ቁንጫ ከመውጣቷ በፊት መለኪያውን አየች፤ ግማሽ ይላል። ግማሽ ከሆነ እስከ ማታ ይበቃል። ለልጃቸው "በአርባ ደቂቃ እመለሳለሁ" ብላ ሮጠች።

ምንጣፉ ላይ ተጋደመች። ከእግር ጣት ተጀመረ። ጉልበት ጋ ሳይደርስ እንቅልፍ ወሰዳት። አርባ ደቂቃው አለቀ፣ ሌሎቹ ተነሱ። ወይዘሮ እፎይ ፎጣ አለበሰቻት፤ መብራቱን አጠፋች፤ "አትረብሹ" የሚለውን ጽሑፍ በሩ ላይ ሰቅላ በእግር ጣቷ ወጣች። ደግ ሥራ የሠራች መስሏት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኛች ቁንጫዬ።

ረጅሟ ብቻዋን ነበረች፣ በኮሪደሩ ሌላኛው ጫፍ፣ ደም ከምታስመልሰው ሴትዮ ጋር።

ሲሊንደሩ ያለቀው በመሐል ነው። ኦክስጅኑ የሚያልፍበት የውሃ ጠርሙስ አለ፤ አየር ሲኖር ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ሲያልቅ ዝም ይላል። ልጃቸው ዝምታውን ሰምታለች። አባቷም ትንሽ ቆይተው ዝም አሉ። ረጅሟ ስትመጣ ልጅቷ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ "ቀስ በይ፣ ጸጥ አለ፤ ተሻለው መሰለኝ" አለቻት።

መለኪያው ያኔም ግማሽ ይል ነበር።

ይህን ስትነግረኝ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ማጠቤን ቀጠልኩ።

ሰኔ 24፣ ሰኞ

ተተኪዬ ራሱ ማወቅ ነበረበት። ሕፃን አይደለም፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው ነው። ዐይን አለው፣ ጥፍር አለው። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።

ጠይቆኛል።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ቁንጫ ከሥራ ታግዳለች፤ ኮሚቴ ተቋቁሟል። ተረኛ ሆና በመተኛቷ የሰው ሕይወት አልፏል ነው የሚሉት። ፈቃዷን ሊነጥቋት ይችላሉ። አራት ዓመት የተማረችው፣ ስድስት ዓመት የሠራችው፣ ሁሉም ባንድ ወረቀት።

ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ የደንብ ልብሷን ኪስ በጣቷ ታያለች። ላስቃት ሞከርኩ። "ወይዘሮ እፎይን ጥሪያትና ኮሚቴውን ታስተንፍሰው" አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

"አባባ፣ ዛሬ አታስቀኝ።"

ተኝተሽ አሳያቸው ያልኩት ማነኝ? ምላሴን ይቁረጠው።

ሰኔ 26፣ ረቡዕ

ኮሚቴው ጠየቃት። ተመልሳ ስትመጣ ፊቷ ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ መስሏል።

"ምን አልሻቸው?"

"መለኪያው ግማሽ ይል ነበር አልኳቸው።"

"እሺ?"

"ሲሊንደሩ ባዶ ነው፤ ግማሽ ሊል አይችልም፤ ሳታዪው ነው የሄድሽው አሉኝ።"

"እንደሚጣበቅ አልነገርሻቸውም?"

ይህን ስል አፌ ቀደመኝ። ቁንጫ ቀስ ብላ ዞረች።

"ሁለቴ መንካት ነበረብኝ አይደል? በሰባት ዓመቴ መጋዘን ይዘኸኝ ስትሄድ አስተምረኸኛል። ሲሊንደሮቹን በሙሉ እየዞርኩ 'ማነው ቤት ያለው?' እያልኩ አንኳኳ ነበር። ትዝ ይለኛል እኮ አባባ። ያን ቀን ግን ለፊርማ እየሮጥኩ ነበር።"

"እና ለምን አልነገርሻቸውም?"

"ማን ነገረሽ ይሉኛላ።"

ከዚያ ተነስታ ሾርባ አሞቀችልኝ።

አንገቴን ደፍቼ ጠጣሁ። ተተኪዬ እዚህ ቤት መጥቶ እንደነበር ታውቃለች። ብርጭቆውን ያጠበችው እሷ ናት፤ እየሳቀ ወጥቶ ሲሄድ ደረጃው ላይ ተገናኝተዋል።

ሰኔ 27፣ ሐሙስ

ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ነገ።

ሰኔ 28፣ አርብ

ዘነበ።

ሰኔ 29፣ ቅዳሜ

ቅዳሜ ኮሚቴ የለም። ሰኞ እሄዳለሁ። አስተዳደሩ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን አውቀዋለሁ፤ ስልሳ ስድስት ነው፣ ሲሊንደር ይዤ ወጥቼበታለሁ። ብወጣው ምን እሆናለሁ? ግን እያለከለክኩ ከታየሁ ቁንጫ ታውቃለች። አሁን ባለባት ላይ የኔ ትንፋሽ ደግሞ ሊጨመርባት ነው? ምክንያት አይደለም ይሄ። ማለቴ ምክንያት ነው፣ ግን ሰበብ አይደለም።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ሰበብ ነው።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ሄድኩ። የዛሬውን ሁሉ ምንም ሳላስቀር እጽፋለሁ።

ቁንጫ ጠዋት ኮሚቴው ለሁለተኛ ጊዜ ስለጠራት ወጥታ ነበር። እኔ ጠባቡን ጫማ በግድ አጥልቄ ከተል አልኩ። በሩ ላይ አዲስ ዘበኛ አለ።

"አባባ፣ በሽተኛ ነዎት? ሊፍቱ ለበሽተኛ ብቻ ነው።"

"በሽተኛ እመስልሃለሁ?" አልኩት። ኩራቴ ይህን ያህል ነው። አዎ ብለው ኖሮ በሊፍቱ እወጣ ነበር።

አንደኛው ፎቅ ድረስ ደህና። ሁለተኛው ጋ ከደረቴ ውስጥ የሆነ ሰው መጋረጃ የዘጋ መሰለኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሰው እየረገጠኝ ያልፋል። አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ለየችኝ፤ "የቁንጫ አያት!" ብላ ሮጠች። እዚያም ቁንጫ ነው የሚሏት ለካ።

መጣች። አልጮኸችም፣ አልደነገጠችም። አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ፊት ለፊቴ ተንበረከከችና እጄን ደረቷ ላይ አደረገችው።

"እየኝ። ከኔ ጋር። ሳብ… አንድ። ሁለት። በቃ። ልቀቅ። ቀስ ብለህ ልቀቅ። እንደገና። አንድ፣ ሁለት።"

አራት አላለችም። ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለት ነው የቆጠረችልኝ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ አሁን ስጽፈው ነው የገባኝ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም። እሷ ስትቆጥር እጄ ሥር ልቧ እንደ ወፍ ይመታ ነበር፤ ድምፏ ግን ዝግ ያለ ነው። መጋረጃው ቀስ እያለ ተገለጠ። የሥልጠናውን ፎቶ የሚያነሳው ሰውዬ በዚያ ሲያልፍ ካሜራውን ብልጭ አደረገብን። ልሰድበው ፈልጌ ትንፋሽ አጠረኝ።

"አሁን ወደ ሐኪም" አለች።

"አሁን ወደ ኮሚቴ" አልኳት።

አየችኝ። ለምን እንደመጣሁ ገባት። "አባባ፣ አይሆንም።"

"ቁንጫዬ፣ ደግፊኝ፤ አለዚያ እየዳኽኩ እወጣለሁ።"

ደግፋኝ ወጣን። ውስጥ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሰብሳቢው ዶክተር፣ ሥራ አስኪያጁና ዋና ነርሷ። ቆሜ ተናገርኩ። መለኪያው በክረምት እንደሚጣበቅ፣ በጥፍር ሁለቴ ካልነኩት እንደሚዋሽ፣ ሲሊንደሩን አምጥተው እንዲያዩት። ከዚያ ዋናውን ነገር ነገርኳቸው።

"ይህን ለተተኪዬ ያልነገርኩት እያወቅኩ ነው። ቂም ይዤ ነው። ቤቴ ድረስ መጥቶ ጠይቆኝ በቀልድ መለስኩት። ሰውዬውን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ አይደለችም።"

መጀመሪያ የሳቁት ሥራ አስኪያጁ ናቸው።

"አባባ፣ አንተ ዛሬም ቀልድህን አልተውክም!" አሉና ወደ ሰብሳቢው ዞረው አዲስ ዶክተር በመጣ ቁጥር 'ጥቁር ኦክስጅን አምጣ' እያልኩ ፎቅ ለፎቅ እንዳስሮጥኳቸው፣ አንዱ ሲሊንደር ላይ 'ለአለቆች ብቻ' ብዬ እንደጻፍኩበት ማውራት ጀመሩ። ዋና ነርሷም አፏን ሸፈነች።

"ቀልድ አይደለም" አልኩ። "እውነቴን ነው።"

ሰብሳቢው ተነስቶ ትከሻዬን ያዘኝ። ደግ ፊት አለው። "አባባ፣ በእርጅና የሚዘነጋ ነገር አለ። ማንም አይወቅስዎትም። ለልጅዎ ብለው እንደመጡ ይገባናል።"

"አልዘነጋሁም!"

"እሺ፣ እሺ" አለኝ። ለሕፃን እንደሚባለው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ያንን ሕንፃ ሳስቅ ኖሬያለሁ። ዛሬ አንዲት እውነት ይዤ ገባሁ፣ የሚገዛኝ አጣሁ።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ልቤ ነው አሉ። ውሃ ይይዛል፤ እግሬ ያበጠው ለዚያ ነው። ኪኒን ተሰጠኝ፤ ሽንት ቤት ስመላለስ እውላለሁ። ሐኪሙ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ሲለኝ ቁንጫ ቀድማኝ "ከሰኔ መጀመሪያ" አለች። ቀኑን ጭምር ነገረችው።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ሲሊንደሩን ፈተሹት። ተጣብቋል። ደብዳቤ ወደ መጋዘኑ ተጽፏል፤ "መለኪያዎች ክትትል ይደረግባቸው" ይላል። ማን፣ መቼ፣ በምን እንደሚከታተል አይልም። ስለ ጥፍር የሚል የለም። ጥፍር በደብዳቤ አይጻፍማ።

ሐምሌ 16፣ ማክሰኞ

ውሳኔው መጣ። ፈቃዷ አልተነካም። ግን ተረኛ ሆና ተኝታለችና ከበሽተኛ አካባቢ ትራቅ፤ "የቤተሰብ ልምዷን ከግምት በማስገባት" ከነሐሴ ጀምሮ ኦክስጅን መጋዘን ትመደብ። ተተኪዬ ወደ ጥበቃ ተዛውሯል።

ያቺን በርጩማ አውቃታለሁ። አንድ እግሯ አጭር ናት፤ ካርቶን አጥፌ ነበር የማስደግፋት። እዚያ ላይ ተቀምጬ ይህቺን ልጅ ሳስተምር "አንቺ ፎቅ ትወጫለሽ፣ እዚህ አትቀሪም" እላት ነበር። ደብዳቤውን አንብባ ስትጨርስ አጥፋ በተተረተረው ኪሷ ከተተችው። ወረቀቱ በቀዳዳው ወጥቶ መሬት ወደቀ። እኔ ጎንበስ ልል ስል "ተው" አለችኝ፤ ራሷ አነሳችው።

ኪሱን ልስፋልሽ አልኳት። አይሆንም አለች። የሚሰፋው ሰውዬ ነበረ አለች።

ሐምሌ 23፣ ማክሰኞ

ረጅሟ መጥታ ነበር። አሁን ክፍሉ ውስጥ ከአንዲት ጀማሪ ጋር ናት፤ በሽተኛው አርባ አንድ ደርሷል። ሥልጠናው ቀጥሏል። የተለወጠ ነገር ቢኖር አሁን የተኛ ሰው በአርባ ደቂቃ ይቀሰቀሳል፤ ለዚህም የሚጮህ ሰዓት ገዝተዋል። ወይዘሮ እፎይ ተሰናብታለች፤ ራሷ ናት የለቀቀችው። የልብስ ሰፊው ልጅ ቤት ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች ይባላል። ከኛ ሁሉ ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ብቻ ናት። ስም አውጥቼላት ነበር።

ረጅሟ ልትወጣ ስትል "አባባ፣ ባልነግርዎት ይሻላል ግን ከሌላ ከሚሰሙት…" አለች። ያ ፎቶ በእርጋታው ክፍል ግድግዳ፣ በፏፏቴው ቦታ ተሰቅሏል። እኔ ደረጃው ላይ አፌን ከፍቼ፣ ቁንጫ ተንበርክካ። ከሥሩ "የሥልጠናው ፍሬ ለቤተሰብም ተርፏል" ተብሎ ተጽፏል።

ሳቅሁ። ምን ላድርግ? እንዲህ ያለውን ቀልድ እኔ እንኳ አስቤው አላውቅም።

ሐምሌ 30፣ ማክሰኞ

ቁንጫ ነገ መጋዘን ትገባለች። ቀኑን ሙሉ በዚህ መዝገብ ፊተኛ ገጾች ዳርና ዳር ላይ ሳልጽፍ የቀረሁትን ሁሉ ስጽፍ ዋልኩ። የትኛው ቁልፍ ወደ ግራ እንደሚዞር። በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ እንደሚያፈስና ሲሊንደር እንደማይቆምበት። አራተኛው ጋሪ ተዳፋት ላይ እንደሚያመልጥ። እና በትልቁ፣ በየገጹ አናት ላይ፦ ሁለቴ በጥፍር።

መዝገቡን ነገ ይዛው ትሄዳለች። የኋለኞቹን ገጾች ልቅደዳቸው ወይ ብዬ ይዤ ቆየሁ። ተውኩት። ታንብበው። ኮሚቴው አልሰማኝም፤ እሷ ትስማኝ።

ነሐሴ 1፣ ረቡዕ

መዝገቡን ጠዋት ረስታው ሄደች። ወይም እንድጨርሰው ትታልኝ ነው። የዛሬውን ብቻ ልጨምር።

አመሻሽ ላይ መጣች። እጇ ዝገት ዝገት ይላል፤ ያ ሽታ ከእጄ ለመልቀቅ ዓመት ፈጅቶበት ነበር። በርጩማዋ አሁንም ትወዛወዛለች አለች። ካርቶን አድርጌያለሁ አለች። ሁሉንም ሲሊንደር ዞራለች፤ ሦስቱ ይዋሹ ነበር።

ከዚያ ለትንፋሹ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ዛሬ ዐይኗን አልጨፈነችም። እጇን ሰደደችና ደረቴን በጥፍሯ ቆርቆር፣ ቆርቆር አደረገችው።

"ስንት?" አለችኝ።

ቀልድ ፈለግኩ። በአፌ ጫፍ ላይ ሁለት ሦስት ነበሩ።

"ሁለት" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "በግድግዳው በኩል ሌሊት ሌሊት እቆጥር ነበር። ምንጣፉ ላይ በተኛሁበት አርብ ዋዜማ አንድ ተኩል ነበርክ፤ እስኪነጋ አልተኛሁም።"